ከምሽቱ 4 ሰዓት፦ የደሞዝ ፎርሙላ ራሳችሁ ለምትጽፉ

ቃሊቲ አካባቢ ያለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ፔይሮል እሠራለሁ። 400 ያህል ሠራተኛ አለን። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ፕሮግራሚንግ ተምሬ አላውቅም። ዛሬ ግን የምንጠቀምበት የኤች አርና የፔይሮል ሶፍትዌር ውስጥ ያሉትን የስሌት ደንቦች የምጽፈው እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው እኔ ያለሁበት ቦታ ላይ ላላችሁ ነው። ሲስተሙ ተገዝቶ፣ የጫኑት ልጆች ሥራቸውን ጨርሰው ሄደው፣ «ፎርሙላ እዚህ ይገባል» ከሚል ባዶ ሳጥን ጋር ብቻችሁን ለቀራችሁ።

ከኤክሴል የወጣነው በ2016 ነው። ከሶፍትዌሩ ጋር የመጣው ስሌት የሌላ አገር ነበር። መጀመሪያ ጡረታ ይቀንሳል፣ ከዚያ ግብሩን ከተረፈው ላይ ያሰላል። እኛ ጋ እንዲህ አይደለም። የሠራተኛው 7 ከመቶ የጡረታ መዋጮ ከመሠረታዊ ደሞዙ ይታሰባል። ግብሩም ጡረታው ሳይነሳለት ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ይታሰባል። አሠሪው የሚጨምረው 11 ከመቶ ደግሞ ከድርጅቱ ኪስ ነው፤ የሠራተኛውን ደሞዝ አይነካም። 12,000 ብር የሚከፈለው ሰው ያኔ በነበረው የግብር ማስከፈያ ሰንጠረዥ ግብሩ 2,700 ብር ነበር። ሶፍትዌሩ 2,406 ብር አወጣ። 294 ብር ጎደለ ማለት ነው፤ ያውም በአንድ ሰው፣ በአንድ ወር። ያ ሰው በዚያ ወር ደስ ሊለው ይችላል። ሒሳቡ ሲመረመር ግን ጉድለቱ ከነቅጣቱ ይመጣል። ሳጥኑን እኔ ካልከፈትኩት ማንም እንደማይከፍተው የገባኝ ያን ቀን ነው።

አዲስ ደንብ ሲመጣ ኮምፒውተር አልነካም። ደብተር አወጣለሁ፣ ደንቡን በአማርኛ በሙሉ ዓረፍተ ነገር እጽፈዋለሁ። ለምን እንደሆነ በትራንስፖርት አበሉ ላሳያችሁ። ሁላችንም በቃላችን የያዝነው «ከደሞዙ ሩብ ወይም 2,200 ብር፣ ከሁለቱ ያነሰው ከግብር ነፃ ነው» የሚለውን ነበር። እኔም እንደሰማሁት ጻፍኩት። ፎርሙላው ከሁለቱ ቁጥር ትንሹን ወስዶ ከገቢው ላይ ያነሳዋል። ልክ ይመስላል። ደሞዙ 6,240 ብር የሆነ ሠራተኛ ላይ ሞከርኩት። ሩቡ 1,560 መጣ። ሰውየው የሚከፈለው የትራንስፖርት አበል ግን 1,000 ብር ብቻ ነው። ፎርሙላዬ ያልተከፈለውን 560 ብር ጭምር ነፃ አወጣለት። በሌላ አነጋገር ከመሠረታዊ ደሞዙ ላይ 560 ብር ግብር ሳይነካው አለፈ። ለካ ደንቡ የሁለት ሳይሆን የሦስት ቁጥር ነው፦ ሩቡ፣ 2,200ውና ሰውየው በእጁ ያገኘው አበል። ከሦስቱ ትንሹ ነው የሚወሰደው። ስንናገረው ሦስተኛውን የምንዘለው ለኛ ግልጽ ስለሆነ ነው። ለኮምፒውተር ግልጽ የሚባል ነገር የለም።

ደብተሩ ላይ የጻፍኩትን ለሁለት ሰው አስነብባለሁ። አንዱ የፋይናንስ ኃላፊያችን ነው። ሌላዋ የሠራተኛ ማኅበሩ ጸሐፊ ናት። ፎርሙላ አታውቅም፤ ሠራተኛውን ግን ታውቃለች። የብድር ቅነሳውን ያዳነችው እሷ ናት። ከሠራተኛ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ይላል። እኔ ይህን ለእያንዳንዱ ብድር ለየብቻ ጽፌው ነበር። አነበበችውና «የቁጠባና ብድር ማኅበሩም፣ የድርጅቱ አድቫንስም ያለበት ሰውስ?» አለችኝ። ሁለቱም ብድሮች ሲሶ ሲሶ ሊቆርጡበት ነበር። ደምሮ ማነጻጸር እንጂ እያንዳንዱን ማነጻጸር አይደለም። የደብተሩ ጥቅም ይሄ ነው። ኮድ የማታነብ ሴት ስህተቴን በአማርኛ ያዘችው።

ግብሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ነው። አሁን የምንሠራበት ማስከፈያ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 የተሻሻለው ነው፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ። እስከ 2,000 ብር ግብር የለም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር 15 ከመቶ፣ እስከ 7,000 ብር 20 ከመቶ፣ እስከ 10,000 ብር 25 ከመቶ፣ እስከ 14,000 ብር 30 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ 35 ከመቶ ነው። በአቋራጭ ስንሠራ ገቢውን በመጣኔው፣ ማለትም በደረጃው መቶኛ፣ አባዝተን እንደየደረጃው 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 ወይም 2,050 እንቀንሳለን። ቅድም ያልኳችሁ ባለ 12,000 ብር ሰው አሁን ግብሩ 2,250 ነው። ጡረታው 840። እጁ ላይ የሚደርሰው 8,910 ብር።

ሐምሌ ላይ ይህን ሳስገባ ሰንጠረዡን እንደታተመው ገለበጥኩት። «ከ7,001 እስከ 10,000»፣ «ከ10,001 እስከ 14,000» እያልኩ። በሙከራው አንዲት ሠራተኛ ግብሯ ዜሮ ሆነ። ገቢዋን አየሁ፦ 10,000 ብር ከ40 ሳንቲም። ትርፍ ሰዓት ነበራት፤ ሳንቲሙ የመጣው ከዚያ ነው። 10,000 ከ40 ሳንቲም ከ10,000 ይበልጣል፣ ከ10,001 ግን ያንሳል። በሁለቱ ረድፎች መካከል ያለችው የአንድ ብር ክፍተት ውስጥ ወደቀች። ትክክለኛ ግብሯ 1,650 ብር ከ12 ሳንቲም ነው። ስለዚህ የታችኛውን ጫፍ ጨርሶ አትጻፉት። «እስከ 2,000 ከሆነ ይሄ፣ ካልሆነ እስከ 4,000 ከሆነ ይሄ» እያላችሁ በላይኛው ጫፍ ብቻ ውረዱ። ያኔ ክፍተት አይኖርም።

ሌላም መንገድ አለ፤ እኔ አሁን የምጠቀመው እሱን ነው። የሁሉንም ደረጃ ስሌት በአንድ ላይ ሠርታችሁ ትልቁን ውሰዱ። ለ12,000 ብር በ15 ከመቶ 1,500 ይመጣል። በ20 ከመቶ 1,900፣ በ25 ከመቶ 2,150፣ በ30 ከመቶ 2,250፣ በ35 ከመቶ 2,150። ትልቁ 2,250 ነው፤ መልሱም እሱ ነው። መጣኔው ከታች ወደ ላይ እየጨመረ ስለሚሄድ ትክክለኛው ረድፍ ምንጊዜም ትልቁን ቁጥር ይሰጣል። ዜሮንም አብራችሁ አስገቡ፣ ከ2,000 በታች ያለው ሰው ግብሩ ወደ ኔጌቲቭ እንዳይወርድ። «ከሆነ፣ ካልሆነ» የሚባል ነገር የለበትም። አንድ መስመር ነው። መጀመሪያ ሳየው አላመንኩም ነበር። ወረቀት ላይ ከ1,900 እስከ 15,000 ብር ድረስ ደጋግሜ ሠራሁት፤ አንድም ቦታ አልሳተም።

የምትቀንሱት ቁጥር ትክክል መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ድንበሩ ላይ ሞክሩ። 14,000 ብር በ30 ከመቶ 4,200 ነው፤ 1,350 ሲነሳ 2,850። በ35 ከመቶ 4,900 ነው፤ 2,050 ሲነሳ 2,850። ገጠመ። በየድንበሩ ላይ ከታችም ከላይም ያለው ረድፍ አንድ ዓይነት መልስ መስጠት አለበት። ካልሰጠ ቁጥር ስትጽፉ ተሳስታችኋል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሐምሌ ሌላም ነገር አስተማረኝ። ሶፍትዌር ውስጥ የድሮውን ማስከፈያ አጥፍቶ በላዩ ላይ አዲሱን መጻፍ ቀላል ነው። እንዳታደርጉት። ነሐሴ ላይ አንድ የሰኔ ስህተት አገኘንና የሰኔን ደሞዝ እንደገና ማስላት ግድ ሆነ። ሰኔ የሚሠራው በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ማስከፈያ ነው። አጥፍቼው ቢሆን ኖሮ ሶፍትዌሩ ሰኔን በአዲሱ ማስከፈያ አስልቶ፣ ከገቢዎች ጋር የተዘጋውን ወር ያበላሽብኝ ነበር። እኔ ጋ ሁለቱም ማስከፈያ አለ፤ እያንዳንዱ የጀመረበት ቀን ተጽፎበታል። ፎርሙላው መጀመሪያ የሚያየው የሚከፈልበትን ወር ነው። ቁጥሮቹንም ፎርሙላው ውስጥ አልቀብራቸውም፤ ለብቻቸው ሰንጠረዥ ላይ ናቸው። ነገ መጣኔ ቢቀየር ፎርሙላውን የሚነካ ሰው አይኖርም፣ አንድ ረድፍ ብቻ ይጨመራል።

ወር ካልኩ አይቀር። እኛ የምንከፍለው በኢትዮጵያ ወር ነው። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው በፈረንጅ ነው። የሐምሌ ደሞዝ ለሱ ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ነው። ይህን ካልነገራችሁት ሐምሌ 16 የተቀጠረን ሰው ቀናት ለሁለት ወር ከፋፍሎ ሁለቱንም በ31 ያካፍልባችኋል። ክፍያው ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ በእጅ አስገቡ፣ ማካፈያውን 30 አድርጉ፣ ተገላገላችሁ። ጳጉሜንን ግን አትርሷት። የነሐሴ ክፍያ ነሐሴ 30 ላይ ይዘጋ ነበር፣ የመስከረም መስከረም 1 ይጀምራል። የቀን ሠራተኞቻችን በጳጉሜን የሠሯቸው ቀናት በየትኛውም ውስጥ አልገቡም ነበር። ልክ እንደ 10,000 ከ40 ሳንቲሟ። አሁን የነሐሴው እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ይዘልቃል። መጨረሻ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ 5 ብላችሁ ከጻፋችሁ በ2019 ጳጉሜን 6 ስትሆን ሰው ታስቀራላችሁ።

ስለ ቅደም ተከተል በአጭሩ፦ ደንቦቹ እያንዳንዳቸው ተራ ቁጥር አላቸው፣ በዚያው ተራ ነው የሚሰሉት። ትርፍ ሰዓቱ ከግብሩ በኋላ ከተሰለፈ ግብሩ ትርፍ ሰዓቱን አያየውም። የኛ ሶፍትዌር በዚህ ጊዜ «ስህተት» አይልም። ገና ያልተሰላውን ዜሮ ብሎ ያልፈዋል። ተራ ቁጥሮቹን በ10 በ10 አራርቁ፤ በኋላ መሐል ላይ አዲስ ደንብ ማስገባት ትፈልጋላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እስከ 2017 መጨረሻ ትርፍ ሰዓትን በእጅ ነበር የምናስገባው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በቀጥታ ከአሻራ ማሽኑ እንዲያነብ ፎርሙላ ጻፍኩ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። የሰዓት ዋጋውን ለማግኘት እኛ የወር ደሞዙን ለ208 እናካፍላለን፤ በሳምንት 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ወር ሲካፈል የሚመጣው ነው።

ማሽኑ የሚያውቀው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። የኛ ምሽት 4 ለሱ 22 ነው፣ ንጋት 12 ደግሞ 6። መጀመሪያ «ከ22 በላይ እና ከ6 በታች ከሆነ ሌሊት ነው» ብዬ ጻፍኩ። በአንድ ጊዜ ከ22 የሚበልጥና ከ6 የሚያንስ ቁጥር የለም። አንድም ሌሊት አልተገኘም። «ወይም» መሆን ነበረበት። ይህን በሙከራ ደረስኩበት፣ አስተካከልኩ፣ ከዚያ ሁሉም ልክ መጣ። ተረጋጋሁ።

የጥቅምት ደሞዝ በወጣ በማግስቱ አንድ የማሸጊያ ክፍል ኦፕሬተር ቢሮ መጡ። ለጡረታ የተቃረቡ ሰው ናቸው። ፈረቃቸው ከቀኑ 8 እስከ ምሽቱ 4 ነው። በሳምንት ሦስት ቀን አራት አራት ሰዓት እየጨመሩ እስከ ሌሊቱ 8 ይሠራሉ። ከኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለች ትንሽ ደብተር አወጡ።

«ልጄ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ። እኔ የደመርኩትና እናንተ የሰጣችሁኝ አልገጠመም።»

«አረፍ ይበሉ ጋሼ፣ አብረን እንያት» አልኳቸው።

እያንዳንዱን ሌሊት በቀኑ ጽፈውታል። 12 ሌሊት። ታች ላይ ድምሩ 2,520 ብር ይላል። የደሞዝ ስሊፑ ላይ ያለው 2,250 ነው። ቁጥር ያገላበጡ መሰለኝ። 5ቱና 2ቱ ቦታ ተለዋውጠው ነው ብዬ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አንዱን ሌሊት አብሬያቸው ልሥራው ብዬ ካልኩሌተር አነሳሁ። ደሞዛቸው 6,240 ነው፤ ለ208 ሲካፈል በሰዓት 30 ብር። በ4 ሰዓት 120፣ በ1.75 ሲባዛ 210። በ12 ሌሊት 2,520። እሳቸው ልክ ናቸው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ልክ ነዎት። ችግሩ እኛ ጋ ነው። እስከ ነገ ጊዜ ይስጡኝ» አልኩ። ደብተራቸውን ትተውልኝ ሄዱ።

የጎደለው 270 ብር ነው። ለ12 ሌሊት ሳካፍለው በየሌሊቱ 22 ብር ከ50። በ1.75ና በ1.5 መካከል ያለው ልዩነት ለአንድ ሰዓት ስንት ነው? የ30 ብር ሩብ፣ 7 ብር ከ50። 22 ከ50 ማለት የሦስት ሰዓት ልዩነት ነው። በየሌሊቱ ሦስት ሰዓት ሙሉ እንደ ቀን ተቆጥሮባቸዋል። ለምን ሦስት? እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ መጣልኝ። አዲስ አበባ ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት ትቀድማለች።

ሶፍትዌሩ ሰዓትን ሁሉ የሚያስቀምጠው በግሪንዊች አቆጣጠር ነው። ስክሪን ላይ ሲያሳየን ሦስት ሰዓት ጨምሮ ነው። ስለዚህ እኔ ስከፍተው 22 ሰዓት ይላል፣ ፎርሙላዬ የሚያነበው ግን 19ን ነው። ለፎርሙላዬ እኚህ ሰው ሌሊት የገቡት ከኛ ሌሊት 7 ሰዓት በኋላ ነበር። በሙከራ ለምን አልያዝኩትም? ምክንያቱም የሙከራ ሰዓቶቹን በእጄ ነበር የጻፍኳቸው። 22 ብዬ ስጽፍ 22 ያነባል። በአሻራ ማሽኑ በኩል ያለፈ አንድም ሙከራ አልነበረኝም። ስህተቱ ያለው እኔ ባልሞከርኩት መንገድ ላይ ነበር።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፦ ሰዓቱን መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ቀይር፣ ከዚያ ቀንና ሌሊት ለይ። ውዝፉ ግን ሁለት ሳምንት ፈጀብን። የመስከረምንና የጥቅምትን ትርፍ ሰዓት በሙሉ እንደገና አሰላን። የጎደለባቸው ከ30 ሰው በላይ ነበሩ። የተጨመረላቸውም ነበሩ። በጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት የሠሩት እንደ ሌሊት ተቆጥሮላቸው ነበር። ለሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም ዝርዝር ይዤ ገባሁ። የጎደለው እንዲከፈል፣ የበለጠው እንዳይመለስ ተወሰነ። ስህተቱ የነሱ አይደለምና ትክክል ውሳኔ ይመስለኛል። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይም ምን እንደተሳሳትን በግልጽ ጽፈን ለጠፍን። ዝም ብሎ ብር ቢጨመር ሰው ሌላ ወርም የጎደለው ይመስለዋል።

ከዚያ ወዲህ ስሊፑን ቀይሬዋለሁ። ድሮ «ትርፍ ሰዓት» ብሎ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር የሚያሳየው። አሁን የቀን ሰዓት ስንት፣ የሌሊት ሰዓት ስንት፣ የሰዓቱ ዋጋ ስንት፣ በስንት እንደተባዛ ለየብቻ ይወጣል። ማንም ሠራተኛ በስልኩ ካልኩሌተር ሊደርስበት ይችላል። እኚያ አባት ደብተር ባይዙ ኖሮ ይህን እስካሁን አናውቀውም ነበር። ደብተር የሌለው ሠራተኛ ስሊፑ ደብተር ይሁንለት ብዬ ነው።

ፎርሙላ ስትቀይሩ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ወር ከድሮው ኤክሴል ጋር ጎን ለጎን አሂዱት። በመጨረሻ ዓምድ ላይ የሁለቱን ልዩነት አውጡ። ዜሮ ያልሆነ አንድም ረድፍ ሳይብራራ አይለፍ፣ 10 ሳንቲምም ቢሆን። በ10 ሳንቲም ውስጥ አንዳንዴ የማጠጋጋት ስህተት አለ፣ አንዳንዴ ደግሞ ትልቅ ነገር ተደብቋል።

እኔ አሁን ስድስት የሙከራ ሰዎች አሉኝ፤ ለዚሁ ብዬ ሲስተሙ ላይ የፈጠርኳቸው ናቸው። አንዷ ገቢዋ 10,000 ብር ከ40 ሳንቲም ነው። አንዱ ሁለት ብድር አለበት። አንዱ ሐምሌ 16 ነው የተቀጠረው። አንዷ የቀን ሠራተኛ ናት፣ ጳጉሜንን ሠርታለች። አንዱ የትራንስፖርት አበሉ ከደሞዙ ሩብ ያንሳል። ስድስተኛው እንደ ጋሼ ደሞዙ 6,240 ብር የሆነ፣ በማሽኑ ላይ የኔው ጣት የተመዘገበለት ነው። ፎርሙላ በተነካ ቁጥር አንድ ቀን አምሽቼ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ በር ላይ ወርጄ አሻራዬን እሰጣለሁ። የሌሊቱ ተረኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መውጫውን በሙከራ ሰውየው ኮድ ይመታልኛል። ጠዋት ገብቼ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። 210 ብር ማለት አለበት።